በጊደር ዋጋ የሚገዛ ኮምፒዩተር



ከክረምት ዕረፍት በተመለስን በሁለተኛው ሳምንት፣ ከነገሌ ቦረና፣ ከያቤሎ፣ ከሞያሌ፣ ከፊልቱና ከዶሎ የመጣን ተማሪዎች አንድ ማታ በመኝታ ክፍል ተሰብስበን ስንጨዋወት ብርቱ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ ስለ ምግብ አዳራሹ ወጥ ወይም ስለ ማርክ አልነበረም። ጌም የሚያጫውት ላፕቶፕ በጥቂት ገንዘብ እንዴት ይገዛል የሚል ነበር። ነገሩ ለሚሰማው ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። እኛም በመጀመሪያ የምናወራው እየሳቅን ነበር። የአንድ ወንድማችን ታሪክ ከተነገረ በኋላ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

ወንድማችን የነገሌ ልጅ ነው። አባቱ ከድርቁ ከተረፉት ጥቂት ከብቶች አንዲት ጊደር ሸጡ፤ ታላቅ እኅቱም የዕቁቧን ብር ጨመረችበት፤ «እንካ፣ ተማርበት» ብለው ሰጡት። ልጁም ገንዘቡን ይዞ ከአንድ ሱቅ ገባ። «ጌሚንግ» የሚል ተለጣፊ ያለበት ላፕቶፕ አሳዩት። «ኮር አይ ሰቨን ነው፤ ግራፊክሱ 8 ጂቢ ነው፤ ስላይትሊ ዩዝድ ነው፤ እንዳንተ ላለ ተማሪ ነው የተሠራው» አሉት። ደስ ብሎት ከፈለ፤ ደረሰኝ ግን አልተቀበለም። ክረምት ላይ ነገሌ ወስዶ ለታናናሾቹ የኳስ ጨዋታ ሊያሳያቸው ሲከፍተው ጨዋታው ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፤ ተነሥቶ ደግሞ ይቆማል። ጥቂት ቀን ቆይቶ መብራት ጠፍቶ በድንገት ሲመለስ ቻርጀሩ ተቃጠለ። የሚስማማው ቻርጀር በከተማው ሳይገኝ ቀረ። በመጨረሻ አንድ ባለሙያ ከፍቶ ሲያየው መኪናው የአራተኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ያለበት አሮጌ የቢሮ ላፕቶፕ ሆኖ ተገኘ። ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ በውስጡ አልነበረም።

እንግዲህ ጊደሪቱ የሄደችው ለዚህ ነበር።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን «ሕዝባችን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈውበት ከብቱን በቀበረበት አገር፣ ተማሪ ስለ ጌም ማሰቡ ራሱ ነውር ነው» አለ። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «ድኻ ስለ ሆንን መጫወትም ይከለከለናል ወይ?» ሲል መለሰ። ሁለቱም ወገኖች የልባቸውን ተናገሩ፤ ሌሊቱም ተጋመሰ። እኛም ጉዳዩን አስበንበት የደረስንበትን አሳብ በዚህ ገጽ ለማቅረብ ወደድን።

በመጀመሪያ፣ ጨዋታ ነውር ነው የሚለውን አሳብ አንቀበልም። አያቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ጉድጓድ ምሰው በጠጠር ገበታ ሲጫወቱ ማንም ሰነፎች አላላቸውም። ገበታ ቆጠራ ነው፤ የሌላውን አሳብ አስቀድሞ መገመት ነው። ዛሬም ቢሆን ከቆላው ከተማ የመጣ ብዙ ተማሪ ማውስን በእጁ መያዝ፣ ፋይል መገልበጥ፣ ፕሮግራም መጫንና የተበላሸውን ማስተካከል የተማረው በክፍል ውስጥ አይደለም፤ ጌም ለማስጀመር ሲል ነው። ይህም ዋዛ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው በኮምፒዩተር ነው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። የቁልፉን ቦታ በዓይኑ እየፈለገ የሚፈተን ልጅና ጣቱ የለመደ ልጅ እኩል ተፈተኑ ለማለት ያስቸግራል።

ሌላም ነገር አለ። በየከተማችን ያሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች የወንዶች መዋያ ናቸው። እኅቶቻችን ወደዚያ ቢገቡ ስማቸው ይነሣል። ስለዚህ ለእነርሱ ከቤት የሚቀመጥ፣ ለትምህርትም ለጨዋታም የሚሆን ኮምፒዩተር ከሌለ መግቢያው በር ሁሉ ዝግ ነው።

ነገር ግን ሁለተኛውን ወገንም ሙሉ በሙሉ አንደግፍም። መጫወት መብት ነው ማለት የቤተ ሰብን ጥሪት ለተለጣፊ መስጠት መብት ነው ማለት አይደለም። ጥያቄው «ጌም ይገዛ ወይስ አይገዛ?» ሳይሆን፣ «በዚህች ገንዘብ፣ በእኛ አገር ሙቀት፣ በእኛ አገር መብራት፣ ጠጋኝ በሌለበት ከተማ፣ ለአራት ዓመት የሚያገለግለው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የአዲስ አበባው ሻጭ አይጠይቅልንም። የውጭ አገር መጽሔትም አይመልስልንም፤ ለምን ቢባል የእነርሱ መብራት አይጠፋም፤ ዕቃቸው ቢበላሽም በማግሥቱ ይለወጥላቸዋል።

ስለ ገንዘቡ አስቀድመን እንነጋገር። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ላፕቶፕ የውጭ ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው ከዶላር ጋር አብሮ ወጣ፤ የጊደር ዋጋ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለውም። ስለዚህ ወንድሞቻችን በ2014 ዓ.ም. የገዙበትን ዋጋ እየጠቀሱ የሚሰጡት ምክር ዛሬ አይሠራም። እኛ የምንመክረው ቁጥርን ሳይሆን አከፋፈልን ነው። ያለውን ገንዘብ ዐሥር ቦታ ክፈሉት። ሰባቱን እጅ ለመኪናው፣ አንዱን ራም ወይም ኤስኤስዲ ለመጨመር፣ አንዱን ለስታቢላይዘርና ለጥሩ ዲቫይደር፣ የቀረውን አንድ እጅ ለጥገና አስቀምጡት። ለምሳሌ ያህል 40 ሺህ ብር ያለው ሰው ሱቅ የሚገባው 28 ሺህ ብር እንዳለው ሆኖ ነው። «ጥቂት ብትጨምር የተሻለ አለ» የሚለው የሻጭ ቃል የሚበላው ያንን የጥገናውን ብር ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንግባ። ወንድማችንን የጎዱት ሦስት ቃላት ናቸውና እነርሱን አንድ በአንድ እንፍታቸው።

1ኛ፤ «ኮር አይ ሰቨን ነው»። ይህ ቃል ብቻውን ምንም አይነግርም። ዋናው ነገር ትውልዱ ነው። ከአይ ሰቨን ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ4 ከጀመረ አራተኛ ትውልድ፣ በ8 ከጀመረ ስምንተኛ ትውልድ ነው። በቀጫጭኖቹ ላፕቶፖች ላይ የሰባተኛው ትውልድ አይ ሰቨን 7500ዩ ሁለት ኮር ብቻ ሲኖረው፣ የስምንተኛው ትውልድ አይ ፋይቭ 8250ዩ አራት ኮር አለው። ስለዚህ «ታናሹ» አይ ፋይቭ «ታላቁን» አይ ሰቨን ይበልጠዋል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በደንቡ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። እንግዲህ ወሰናችን ግልጽ ነው፤ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያለ መኪና በርካሽ ቢሰጠን እንኳ አንግዛ። ኤኤምዲ ከሆነ ራይዘን 5 3500ዩንና ከእርሱ ወዲህ የመጡትን እንይ።

2ኛ፤ «ግራፊክሱ 8 ጂቢ ነው»። ይህ ብዙ ሰው የሚታለልበት ቃል ነው። ለብቻው የቆመ ግራፊክስ ካርድ የራሱ ማስታወሻ አለው። የሌለው መኪና ግን ከራሙ እየተበደረ ይሠራል። ዊንዶውስም የራሙን ግማሽ ያህል «ሼርድ» ብሎ ያሳያል። 16 ጂቢ ራም ያለው ተራ የቢሮ ላፕቶፕ «8 ጂቢ» ተብሎ የሚሸጠው በዚህ መንገድ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው። ታስክ ማኔጀርን ክፈቱ፤ ፐርፎርማንስ የሚለውን ግቡ፤ ጂፒዩ የሚለው አንድ ብቻ ከሆነና ስሙም ኢንቴል ዩኤችዲ ከሆነ፣ ለብቻው የቆመ ካርድ የለውም። «ዴዲኬትድ» የሚለውን ቁጥር ብቻ እመኑ።

3ኛ፤ «ጌሚንግ ነው»። ተለጣፊ በጥቂት ሳንቲም ይታተማል። በእውነት ለጨዋታ ከተሠሩት ርካሽ መኪናዎች መካከል ኤሰር ናይትሮ 5፣ ኤችፒ ፓቪሊዮን ጌሚንግ፣ ዴል ጂ3፣ አሱስ ታፍ የሚባሉት ይገኛሉ። በውስጣቸው የሚገኘው ካርድ ብዙ ጊዜ ጂቲኤክስ 1050 ወይም ጂቲኤክስ 1650 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት የሚቻል ከሆነ 1650ውን እንመርጣለን። ይኸውም ኤንቪዲያ ለ10ኛው ተከታታይ ካርዶች ለአዳዲስ ጨዋታዎች የሚያወጣውን ማስተካከያ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስላቆመ ነው።

ይህን ሁሉ ካልን በኋላ፣ ብዙ አንባቢ «እንግዲያውስ 1650 ያለውን እንግዛ» እንደሚል እናውቃለን። እዚህ ላይ ነው የእኛ አሳብ ከብዙዎች የሚለየው። ቤቱ በአዲስ አበባ ወይም በሐዋሳ ለሆነ ተማሪ ይህ መልካም ነው። ቤቱ በነገሌ፣ በፊልቱ ወይም በዶሎ ለሆነና ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ ለሚገኝ ተማሪ ግን ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ይሻለዋል እንላለን። ምክንያታችንን እንዘረዝራለን።

መብራት። የጌሚንግ ላፕቶፕ ቻርጀር ከ120 እስከ 180 ዋት ይደርሳል፤ የቢሮው ግን 45 ወይም 65 ዋት ነው። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 100 ዋት በሚበላ ጨዋታ ላይ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይቆያል። ጌሚንግ ላፕቶፕ በባትሪ ሲሠራ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ያም ግማሽ ሰዓት ደስታ የለውም። ያው ባትሪ 15 ዋት በሚበላ የጽሕፈት ሥራ ላይ ከሦስት ሰዓት በላይ ይሄዳል። አገራችን ላይ የሚገርመው ነገር አለ። በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው 254 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የገናሌ ዳዋ 3 ግድብ ያለው በጉጂና በባሌ መካከል በእኛው ወንዝ ላይ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ ኃይል ያሻግራል። ይሁን እንጂ ባለፈው ክረምት በቤታችን ሻማ አብርተን ያነበብንበት ማታ ጥቂት አልነበረም። መብራቱ እስኪስተካከል ድረስ ኮምፒዩተራችን ከመብራቱ ጋር መስማማት አለበት።

ሙቀት። ማንኛውም ኮምፒዩተር የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ያለውን አየር እየሳበ ነው። አየሩ ራሱ የጋለ ከሆነ ማራገቢያው የሚያመጣው ምንድን ነው? ፕሮሰሰሩ 95 ወይም 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር የሚሄድ ጨዋታ ዶሎ ላይ ሲጎተት ይታያል። ቀዩ አቧራም በማራገቢያው መካከል ይጋገራል። ኃይሉ የበዛ መኪና ሙቀቱም የበዛ ነው።

ጥገና። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከተማችን የጥገና ነገር ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በታሪክ የታወቀች ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈሩት ወታደሮች ያመፁት የውሃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ፣ ከመኮንኖቹም ጉድጓድ እንዳይቀዱ በተከለከሉ ጊዜ ነው። ያ የውሃ ነገር ስለ ነበረ ከኮምፒዩተር ጋር አይወዳደርም፤ ነገር ግን አንድ መኪና በሩቅ አገር ሲቆም የሚያመጣውን ነገር ያስታውሰናል። እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5፣ ዴል ላቲቲዩድ 5490 ያሉት የስምንተኛው ትውልድ የቢሮ ላፕቶፖች በብዛት የተሠሩ ናቸው። የራም ቦታቸው ሁለት ነው፤ ኤስኤስዲያቸው ይቀየራል፤ ቻርጀራቸውም በየከተማው የመገኘት ዕድሉ የሰፋ ነው። ቲ480 እንዲያውም ከኋላው ተነቅሎ የሚለወጥ ሁለተኛ ባትሪ አለው።

«በእነርሱስ ምን ይጫወቱባቸዋል?» የሚል ይኖራል። እውነቱን እንናገር። አዲስ የወጡትን ከባድ ጨዋታዎች አይጫወቱባቸውም። ካውንተር ስትራይክ 1.6፣ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ፣ ማይንክራፍት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የወጡ የኳስ ጨዋታዎች ግን ይሠራሉ። ጂቲኤ 5 ራሱ በዝቅተኛ አቀማመጥ እየጎተተም ቢሆን ይሞከራል። አንዲት የያቤሎ እኅታችን እንዲህ ያለውን ላፕቶፕ ገዝታ፣ ከነበረው 8 ጂቢ ራም ላይ ሌላ 8 ጂቢ ጨመረችበት። ያለ ካርድ የሚሠራ ግራፊክስ ከራሙ ስለሚበደር፣ ራሙ በሁለት ቦታ ሲሆን መተላለፊያው ይሰፋለታል፤ ጨዋታውም ወዲያው ይሻሻላል። የዓመቱን ጥናቷን የጻፈችበትም፣ ታናሽ ወንድሟን በኳስ የምታሸንፍበትም ይኸው ላፕቶፕ ነው። አዲሱን ጨዋታ መጫወት ባትችልም፣ ያላት ነገር ይሠራል።

በእጅ ተይዘው ስለሚጫወቱባቸው ትንንሽ ኮምፒዩተሮችም ጥያቄ ቀርቦልናል። ከእነርሱ የታወቀው ስቲም ዴክ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሲወጣ ዝቅተኛ ዋጋው 399 ዶላር ነበር። ዶላሩን በ100 ብር እንኳ ብናስበው 39 ሺህ 900 ብር ይሆናል፤ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር ማለት ነው። በ45 ዋት ቻርጀር መሥራቱ ለእኛ አገር የሚስማማ መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን የመጻፊያ ቁልፍ የለውም፤ የሚሠራውም በሊኑክስ ነው፤ በትምህርት ክፍሎቻችን የምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች ደግሞ አብዛኞቹ የዊንዶውስ ናቸው። ሌላ ኮምፒዩተር ላለው ሰው ሁለተኛ ዕቃ ይሆናል፤ አንድ ብቻ ለሚገዛ ተማሪ ግን አይሆንም።

ሞያሌ ቅርባችን ስለ ሆነች «ወዲያ ማዶ ተሻግረን እንግዛ» የሚሉም አሉ። ዋጋው አንዳንድ ጊዜ ይስባል። ነገር ግን ደረሰኝና የቀረጥ ሰነድ የሌለው ዕቃ በጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ኮንትሮባንድ ሊባል፣ በመንገድ ላይ ባለ ኬላም ሊወረስ ይችላል። ያን ጊዜ ጊደሪቱም ላፕቶፑም የሉም። ከኬንያ የመጣ ቻርጀር ሦስት አራት ማዕዘን እግር ስላለው ከእኛ ሶኬት ጋር አይገጥምም፤ አስማሚው ከላላ ደግሞ ይግላል፤ ያቃጥላል። በቻርጀሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሕፈት ካለ ግን የቮልቱ ነገር አያሳስብም።

ከሱቅ ወይም ከቴሌግራም ሻጭ ዘንድ ስትደርሱ የሚከተለውን ሳታደርጉ ገንዘብ አትክፈሉ።

ሀ) መኪናው ተዘግቶ እንደ ገና እንዲከፈት ጠይቁ፤ ባዮሱ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ የሌላ ድርጅት ቁልፍ ስላለበት ተዉት።

ለ) የባትሪ ሪፖርት አውጡ፤ ሲሠራ ይይዝ የነበረውንና አሁን የሚይዘውን አወዳድሩ፤ አሁን የሚይዘው ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ይቀነስላችሁ።

ሐ) በፍላሽ የያዛችሁትን አንድ ጨዋታ ሠላሳ ደቂቃ አጫውቱት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሁሉም መኪና ደኅና ነው፤ ጉዱ የሚታየው ሲግል ነው። ሻጩ ሠላሳ ደቂቃ ከነፈጋችሁ የምትፈልጉትን መልስ አግኝታችኋል።

መ) ቁልፎቹን አንድ በአንድ ጻፉባቸው፤ ዩኤስቢዎቹን፣ ካሜራውን፣ ዋይፋዩን ሞክሩ፤ ክዳኑን እያንቀሳቀሳችሁ ስክሪኑ ይርገበገብ እንደ ሆነ እዩ።

ሠ) የመኪናው መለያ ቁጥር የተጻፈበት ደረሰኝና፣ ቢያንስ የአንድ ወር ዋስትና በጽሑፍ ተቀበሉ። «በእኔ እመን» የሚል ዋስትና ዋስትና አይደለም።

ቤት ከደረሳችሁ በኋላም መኪናውን ከብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ ከኋላው በሁለት የጠርሙስ ክዳን ከፍ አድርጉት፤ መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀሉት፤ ተመልሶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ ሰኩት። ወንድማችን ይህን የመጨረሻውን ቢያውቅ ኖሮ ቻርጀሩ ዛሬም ይሠራ ነበር።

ስለ ጨዋታዎቹም አንድ ቃል እንበል። ጂቲኤ 5 ከ70 ጂቢ በላይ ነው። በሴኮንድ 5 ሜጋ ቢት በሚያወርድ መስመር ያለማቋረጥ 31 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ የዳታውን ዋጋ እናንተ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ ይዞራል፤ አብሮትም ቫይረስ ይዞራል። ከመካከላችን አንዱ ቁልፉ የተሰበረ ጨዋታ ጭኖ የሴሚስተር ሥራውን በሙሉ አጥቷል። እንደ ሱፐርተክስካርትና 0 ኤ.ዲ. ያሉ በነፃ የሚታደሉ፣ በቀላል መኪናም የሚሠሩ ጨዋታዎች አሉ። አንድ ሰው ከግቢው ዋይፋይ በንጹሕ አውርዶ ለሌሎቹ ቢያካፍል ሁሉም ይጠቀማል።

አሁን ወደ ዋናው አሳባችን እንመጣለን። እስካሁን የተናገርነው አንድ ተማሪ ብቻውን ገበያ ወጥቶ እንዳይታለል ነው። ለመሆኑ ግን ለምን ብቻውን ይወጣል?

የቦረና ሕዝብ ጥልቅ ጉድጓዶቹን፣ ኤላዎቹን፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆፍሮ አያውቅም። ውሃውም ሲቀዳ ተራ አለው፤ ተራውን የሚጠብቅ አባ ሄረጋ አለ፤ ጉልበተኛው ቀድሞ አይቀዳም። ከብቱ ላለቀበት ሰው ደግሞ ወገኑ ከየመንጋው እያወጣ የሚያቋቁምበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አለ። እኛ የዚህ ሕዝብ ልጆች ሆነን ሳለን ከተማ ስንገባ እያንዳንዳችን ለየብቻችን በደላላ እንበላለን። ይህ የሚያሳፍር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ ለተማሪዎች ማኅበር እናቀርባለን። ከአንድ አካባቢ የመጡ ዐሥር ተማሪዎች በየወሩ ጥቂት በጥቂት ያዋጡ። መጀመሪያ በሚገዛው ብር ጌም በደንብ የሚያጫውት፣ ግራፊክስ ካርድ ያለው አንድ ደኅና ላፕቶፕ በጋራ ይገዛ። ከባዱን ጨዋታና ከባዱን የትምህርት ሥራ፣ ማለትም የምሕንድስናውን ሥዕልና የቪዲዮውን ቅንብር፣ ይህ የጋራ መኪና ይሸከም። የግል ላፕቶፕ የሚገዛው ሰውም ለጨዋታ ብሎ ከአቅሙ በላይ መሄድ አይኖርበትም፤ ቀላሉ የቢሮ መኪና ይበቃዋል። የጋራው መኪና መዝገብ ይኑረው፤ ተራ ጠባቂ ይመረጥለት፤ እስከ ማታ 12 ሰዓት ለትምህርት፣ ከዚያ በኋላ ለጨዋታ ይሁን፤ እኅቶቻችንም ከወንዶቹ እኩል የተቆጠረ ተራ ይኑራቸው።

ክረምት ሲደርስ ደግሞ መኪናው ከእኛ ጋር ወደ ቤት ይሂድ። አንድ ክረምት ነገሌ፣ አንድ ክረምት ፊልቱ፣ አንድ ክረምት ያቤሎ ይክረም። ለፈተና የሚዘጋጁ ታናናሾቻችን በመጀመሪያ በጨዋታ ጣታቸውን ያላምዱበት፤ ቀጥለው መጻፍን፣ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ይሞክሩበት። እንዲህ ከሆነ፣ ጨዋታ ነውር ነው ያሉትም፣ ጨዋታ መብታችን ነው ያሉትም ወንድሞቻችን በአንድ መዝገብ ላይ ስማቸውን ሊጽፉ ይችላሉ።

«የጋራ ዕቃ ባለቤት የለውም፤ ቶሎ ይበላሻል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም፤ በግቢያችን የጋራ የሆኑ ብዙ ዕቃዎች ተሰብረው ቆመዋል። ነገር ግን እነዚያ ዕቃዎች ተራ ጠባቂ አልነበራቸውም። ኤላው ለብዙ ዘመን የቆየው የጋራ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ተጠያቂ ሰው ስላለው ነው። መዝገብና ተጠያቂ ሰው ከሌለ እኛም ሐሳባችንን እናነሣለን።

ወንድማችን በዚህ ጽሑፍ ታሪኩ እንዲነገር የፈቀደው ስሙ ካልተጠራ ብሎ ነው። ለአባቱ ግን እስካሁን እውነቱን አልነገራቸውም። «ላፕቶፑ እንዴት ነው?» ብለው በስልክ ሲጠይቁት «ደኅና ነው፣ አባቴ» ይላቸዋል። እኛ የምንፈልገው በሚመጣው ዓመት ከአገራችን የሚመጣው ተማሪ ይህን መልስ ሳይዋሽ እንዲመልስ ነው። መዋጮውን ለመጀመር የሚፈልግ ሁሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በማኅበሩ ክፍል ይገኝ። እኛ ከወንድማችን ጋር አስቀድመን እንገኛለን።